ኤ5 ላይ የተረሳው ፈረስ፦ የአንድ የቼዝ ሽንፈት ጥናት

ልጁ የመመዝገቢያ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በሒሳብ ደብተሩ መካከል ከትቶት መጣ። ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ይህን መክፈቻ ሁለተኛ አልጫወተውም» አለኝ። ምን እንዳደረገው ብጠይቀው «ወታደር አስበልቶ አሸነፈኝ» አለ፤ ያሸነፈው ተጋጣሚው ሳይሆን መክፈቻው፣ ማለትም ጨዋታው የተጀመረበት የእርምጃዎች ቅደም ተከተል ይመስል። ወረቀቱ ላይ 33 እርምጃዎች ተመዝግበዋል። የመጨረሻዎቹ 13 እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀድደው እስኪደርስ ተጭነው የተጻፉ ናቸው።

ክበባችን ክበብ ከተባለ፣ የምንሰበሰበው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጋራ መገልገያ ሕንጻው ነጻ ሲሆን እዚያ፣ ለቅሶ ወይም ድግስ ሲኖር ደግሞ ደረጃ ሥር እንቀመጣለን። ሦስት ሰሌዳ አለን። ከሦስቱ በአንደኛው ላይ አንድ ጥቁር ፈረስ ከጠፋ ዓመት ስላለፈው በቦታው የለስላሳ ቆርኪ እንጠቀማለን። ልጆቹ ዳማን በቆርኪ ሲጫወቱ ያደጉ ናቸውና ማንም አይገርመውም። ልጁ የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ ቼዝ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ውድድሩ መሀል ከተማ ስለነበር ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ወጥቶ፣ ሁለት ታክሲ ለዋውጦ፣ 3 ሰዓት ላይ ሰሌዳው ፊት ተቀምጧል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተሰጠው 60 ደቂቃ ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረዳ። በሰሌዳው ላይ ያሉት ቋሚ መስመሮች በነጩ በኩል ለተቀመጠ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ይባላሉ፤ አግድሞቹ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ኤ5 ስል በግራው ጠርዝ መስመር ላይ አምስተኛዋን ቤት ማለቴ ነው። ይህች ቤት በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግማ ትመጣለች።

ልጁ የያዘው ጥቁሮቹን ጠጠሮች ነበር። ነጩ ወታደሩን ወደ ኢ4 አወጣ፣ እሱ ወደ ኢ5። ነጩ ፈረስ ኤፍ3፣ እሱ ፈረስ ሲ6። ነጩ ጳጳስ ሲ4፣ እሱ ሁለተኛውን ፈረስ ኤፍ6። የሁለቱ ፈረሶች መከላከያ የሚባለው መክፈቻ ይህ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቼዛሬ ፖሌሪዮ በእጅ ጽሑፎቹ ካሰፈራቸው መስመሮች አንዱ ነውና ዕድሜው ቀላል አይደለም። አራተኛው እርምጃ ላይ ነጩ ፈረሱን ወደ ጂ5 ወረወረው፤ ጳጳሱና ፈረሱ አብረው ኤፍ7 ላይ ያለችውን ወታደር አነጣጠሩ። ጀርመናዊው ሊቅ ዚግበርት ታራሽ ይህን እርምጃ የጀማሪ እርምጃ ብሎ ተሳልቆበታል። እኔም ለልጆቹ ይህን ስድብ እነግራቸው ነበር፤ አሁን ግን አቁሜአለሁ። ምክንያቱም የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ስታይኒትዝም፣ ከእሱ ብዙ ቆይቶ ሻምፒዮን የሆነው ቦቢ ፊሸርም በነጭ ተጫውተውታል። የተሰደበ እርምጃ የሚጎዳው ስድቡን ሰምቶ የናቀውን ሰው ነው።

ጥቁሩ ወታደሩን ወደ ዲ5 ገፍቶ የጳጳሱን መንገድ ይዘጋል፣ ነጩ በወታደሩ ይበላዋል። ጀማሪ እዚህ ላይ ዲ5 ያለውን ወታደር በፈረስ መልሶ ይበላና ነጩ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ሠውቶ ንጉሡን ወደ አደባባይ ያወጣዋል። ንጉሡ ፈረሱን ሲበላ የነጩ ንግሥት ኤፍ3 ላይ ወጥታ ቼክ ትላለች፣ ማለትም ንጉሡን ታጠቃለች፤ በዚያው ዲ5 ላይ ያለውንም ፈረስ ትጠይቃለች፣ ልብላህ ትለዋለች። ንጉሡ ፈረሱን ላለማስበላት በገዛ እግሩ ወደ ኢ6፣ ወደ እሳቱ መሀል ይሄዳል። ፈረንጆቹ ይህን መስመር የተጠበሰ ጉበት ብለው ሰይመውታል። ስሙን ስናገር ልጆቹ ሁሉ ይርባቸዋል፤ መስመሩን ግን በስሙ ምክንያት አይረሱትም።

ልጃችን ይህን አልሠራም። ያስተማርኩትን አደረገ፤ በ5ኛው እርምጃ የሲ6 ፈረሱን ወደ ኤ5 አውጥቶ ጳጳሱን ጠየቀ። ነጩ በጳጳሱ ቢ5 ላይ ቼክ አለ፤ ጥቁሩ ሲ6 ላይ በወታደር ከለለ። ነጩ በላ፣ ጥቁሩ መልሶ በላ፤ ጳጳሱ ወደ ኢ2 አፈገፈገ። ጥቁሩ ወታደሩን ወደ ኤች6 ገፍቶ ፈረሱን አባረረው፣ ኤፍ3 ሲመለስ ሌላውን ወታደር ወደ ኢ4 ገፍቶ ደግሞ አባረረው፣ ፈረሱ ኢ5 ላይ አረፈ። ጥቁሩ ጳጳሱን ዲ6 አወጣ፤ ነጩ ወታደሩን ሁለት ቤት ወደ ዲ4 ሲገፋ ጥቁሩ በመተላለፊያ፣ ማለትም አንድ ቤት ብቻ እንደሄደ ቆጥሮ፣ በኢ4 ወታደሩ በላው፤ ነጩ በፈረሱ ዲ3 ላይ መልሶ በላ። ጥቁሩ በ12ኛው እርምጃ ንግሥቱን ሲ7 ላይ አስቀመጠ። ይህ ሁሉ በመጻሕፍት ያለ ጎዳና ነው። (9ኛው ላይ ስታይኒትዝ ፈረሱን ወደ ኤፍ3 ሳይሆን ወደ ጠርዙ ኤች3 ይመልሰው ነበር። በቴሌግራፍ ከሩሲያዊው ቺጎሪን ጋር ባደረገው ግጥሚያ ሞክሮት ተሸንፏል፤ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1963 ከአሜሪካዊው ቢዝጋየር ጋር አንሥቶት አሸንፏል።)

እስቲ ሒሳቡን እንቁጠረው። ነጩ በእጁ 6 ወታደር አለው፣ ጥቁሩ 5። የጎደለችው አንዷ የትም አልጠፋችም፤ ተሽጣለች። የተገዛውን ለማየት የነጩን 12 እርምጃዎች መቁጠር ይበቃል፤ 5ቱን አንድ ፈረስ ብቻውን ሄዷቸዋል፣ 3ቱን አንድ ጳጳስ፣ የቀሩትን 4 ወታደሮች። ከዚህ ሁሉ ሽር ጉድ በኋላ ከነጩ ጓዳ የወጡት አንድ ፈረስና አንድ ጳጳስ ናቸው። ጥቁሩ ግን ንግሥቱን፣ ጳጳሱንና ሁለቱንም ፈረሶቹን አውጥቷል። ወታደሯ የተሸጠችው በጊዜ ነው።

ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ለልጁ ነግሬው አላውቅም ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ወትሮ አንድ ልጅ ተሸንፎ ሲመጣ ጨዋታውን በስልኬ ላይ ላለው ፕሮግራም እንሰጠዋለን። ፕሮግራሙ የተበላሸውን እርምጃ በቀይ ያሳየናል፣ ልጁ «እህ!» ይላል፣ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። የዚያን ቅዳሜ ግን ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። የልጁ ስልክ ሞቷል፣ የእኔም ሊሞት ነው። ስለዚህ ያለ ዕቅድ ሌላ ነገር ሞከርን፤ ሰሌዳውን እንኳ ሳንነካ ልጁ ከ13ኛው እርምጃ ጀምሮ ሲጫወት ያሰበውን በየመስመሩ እንዲጽፍ አደረግሁት። ሌላው የረዳን በእያንዳንዱ እርምጃ ጎን የቀረውን ደቂቃ የመጻፍ ልማዱ ነው። ይህን ልማድ በጭቅጭቅ ነው ያስያዝኳቸው፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን ያን ዕለት ነው እኔም በደንብ የገባኝ።

ከደቂቃዎቹ ልጀምር። ለመጀመሪያዎቹ 12 እርምጃዎች የፈጀው 4 ደቂቃ ብቻ ነው። ለ15ኛው ብቻውን 17 ደቂቃ። ለ19ኛው ከአንድ ደቂቃ በታች።

አባቶቻችን የሚጫወቱት ሰንጠረዥ፣ የሀገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ ወረራ የሚባል ምዕራፍ ነበረው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል፤ አንዱ ሲበላ ነው ተራ የሚጀመረው። ልጁ ያደረገው ወረራ ነው። ልዩነቱ የሰንጠረዥ ተጫዋች በወረራው ጊዜ ዓይኑ ከተጋጣሚው እጅ አይነቀልም ነበር፤ የሚያየውን እያየ አሰላለፉን ይለዋውጣል። ልጃችን ግን የሚያየው በጭንቅላቱ ያለውን ገጽ ነበር።

አሁን ወደ ጻፈው። 13ኛው ላይ ነጩ የኤች ወታደሩን አንድ ቤት ገፋ፣ ጥቁሩ ካስል አደረገ፤ በአንድ እርምጃ ንጉሡን ወደ ጎን አሸሽቶ ግንቡን በአጠገቡ አቆመ። የልጁ ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «እስከዚህ ጋሼ ያሳየኝ ነው። ከዚህ በኋላ ብቻዬን ነኝ።» 14ኛው ላይ ነጩም ካስል አደረገ፤ እሱ ጳጳሱን ወደ ኤፍ5 አወጣ። «ጥሩ ቦታ ይመስላል።» ይመስላልም፣ ነውም። 15ኛው ላይ ነጩ ሁለተኛውን ፈረስ ወደ ዲ2 አወጣ፤ ልጁ 17 ደቂቃ አስቦ በጳጳሱ ዲ3 ላይ ያለውን ፈረስ በላ፣ ነጩ በጳጳሱ መልሶ በላ። ማስታወሻው፦ «አንድ ወታደር ጎድሎኛል። ጠጠር በበዛ ቁጥር እሳሳታለሁ። ልቀንስ።»

16ኛውና 17ኛው ላይ ሁለቱን ግንቦቹን ወደ ዲ8ና ወደ ኢ8 አመጣቸው፤ በመካከሉ ነጩ ፈረሱን ከዲ2 ወደ ኤፍ3 አንሥቷል። ግንቦቹ ስለመጡ አይቆጨኝም፤ ዘግይተው መጡ እንጂ። 18ኛው ላይ ነጩ ግንቡን ኢ1 ላይ አቆመና እንለዋወጥ አለ። ልጁ ወዲያው በላ። «ግንብ በግንብ፣ እኩል ነው።» ነጩ በንግሥቱ መልሶ በላ። የነጩ ንግሥት አሁን ኢ1 ላይ ናት። 19ኛው ላይ ልጁ የራሱን ንግሥት ከሲ7 ወደ ኢ7 አንሥቶ ፊት ለፊት አቆማት፦ «ንግሥት በንግሥት። ከዚያ በኋላ አቻ እጠይቃለሁ።»

ነጩ ንግሥቷን አልበላም። ንግሥቱን ከኢ1 በሰያፍ፣ በዲ2፣ በሲ3፣ በቢ4 አልፎ ኤ5 ላይ ያለውን ፈረስ በላ።

ልጁ ይህን ሲያነብልኝ ድምፁ ቀነሰ። እኔ ግን የተገረምኩት በሌላ ነገር ነው። ከ13 እስከ 19 የጻፋቸውን ሰባት ማስታወሻዎች ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው፤ ስለ ኤ5 ፈረስ አንድም ቃል የለም። ፈረሱን በ5ኛው እርምጃ እዚያ ያስቀመጠው ራሱ ነው። ጳጳሱን አባሮለታል፤ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ በኋላ 14 እርምጃ ሙሉ ከጠርዙ አልተነሣም፣ አልታሰበምም። ሲ7 ላይ የነበረችው ንግሥት በሰያፍ ትጠብቀው ነበር። ልጁ ንግሥቷን ሲያነሣ የፈረሱን ዘበኛ እንዳነሣ አላወቀም፤ ፈረሱ መኖሩን ረስቶታልና።

ከዚያ ጨዋታውን ሰሌዳ ላይ ደገምነው። ቆርኪው ያለበት ሰሌዳ ነበር የደረሰን፤ ኤ5 ላይ የቆመውም በአጋጣሚ ቆርኪው ሆነ። ልጁ ጠጠሮቹን ሲያንቀሳቅስ እጁን እከታተላለሁ። ንግሥት፣ ጳጳስ፣ ግንብ፣ እንደገና ግንብ። ቆርኪው ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ ሻሂ ተፈልቶ ቀረበልን፤ አንዱ ትንሽ ልጅ ስኳሩን ሲያሳልፍ በክርኑ ሊጥለው ነበር። 19ኛው ላይ ስንደርስ ልጁ ንግሥቷን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ቆመ። ወደ ኢ7 አላደረሳትም። ኤ5ን አየ፣ ከዚያ ሲ7ን፣ ከዚያ ንግሥቷን ወደ ቦታዋ መለሳት። ምንም አላልኩትም። ነጩ 20ኛው ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት ያዘጋጀሁት ማብራሪያ አላስፈለገም።

ይህን ብቻ ይዤ ብሄድ ጥናቱ «ዘበኛ የሌለውን ጠጠር አትርሳ» በሚል ያበቃ ነበር። ስልኬም ከዚህ የተለየ አይነግረኝም ነበር፤ 19ኛውን በቀይ ያቀልመዋል፣ በቃ። የልጁ ወረቀት ግን ሌላ ነገር ይዟል። 15 ላይ ለወጠ፣ 18 ላይ ለወጠ፣ 19 ላይ ሊለውጥ ሞከረ። በአምስት እርምጃ ሦስት ጊዜ። 19ኛው ስሕተት ከሰማይ አልወረደም፤ የ15ኛው ሐሳብ ሦስተኛ ደረጃ ነው። ልጁ ዕዳ እንዳለበት ሰው ነበር የሚጫወተው፤ የቤት ዕቃ እየሸጠ ዕዳውን ለማቅለል።

«ልቀንስ» የሚለውን ከየት አመጣው? ጠየቅሁት። ሳይሸማቀቅ መለሰልኝ፦ «እርስዎ ነዎት ያሉኝ።»

እውነቱን ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ጨዋታ ፍጻሜ ሳስተምር «ለዋውጡ፣ አቅልሉት፣ ጥቂት ጠጠር ሲቀር ነገሩ ይጠራል» ብያለሁ። ያልኩት ግን ወታደር ለተረፈው ሰው ነው። አንድ ወታደር የተረፈው ጠጠር በተለዋወጠ ቁጥር ትርፉ ይጎላለታል፤ አንድ የጎደለበት በተለዋወጠ ቁጥር ጉድለቱ ይጎላበታል። የመጀመሪያውን ተናግሬ ሁለተኛውን ሳልናገር ደወሉ ተደወለ፣ ወይም ዝናብ መጣ፣ አላስታውስም። መክፈቻውንም ሳስተምር እስከ 12ኛው እርምጃ አስቆጥሬ «ከዚህ በኋላ ጥሩ ነው» ብዬ ተውኩት። ጥሩ የሆነው ለምን እንደሆነ፣ ወታደሯ በምን እንደተሸጠች አልነገርኩም። ልጁ የጠጠር ሒሳቡን ብቻ አይቶ «ጎድሎኛል» አለ። ጊዜን በሒሳቡ ውስጥ ማንም አላስገባለትም። ብዙ አሰልጣኞች የልጆች ሽንፈት ሲመጣ ጥፋቱን በልጁ ትኩረት ማነስ ላይ ይጥላሉ፤ እኔም ሰሌዳውን ከመንካታችን በፊት እንዲህ ለማለት ከጫፍ ደርሼ ነበር።

ስለዚህ ሥራው ከ14ኛው እርምጃ በኋላ ያለውን መልክ መማር ሆነ። ጥቁሩ ምን ይፈልጋል? ኤ5 ላይ ያለውን ፈረስ ወደ ጨዋታው መመለስ ይፈልጋል። ሲ6 ላይ ያለችው የራሱ ወታደር ቤቱን ይዛበታለች፤ ወደ ሲ5 ብትገፋ ፈረሱ በሲ6 በኩል ወደ ዲ4 ይደርሳል፣ ዲ4 ላይ የቆመ ፈረስ ደግሞ ነጩን እንቅልፍ ይነሣዋል። በወረቀት ላይ ያማረ ነገር ነው። በዚያው ምሽት በሻማ ከ14ኛው ጀምረን ስንጫወት፣ እኔ ነጭ ሆኜ፣ ልጁ ወዲያው ሲ5 ገፋ። እኔ ያልወጣውን ፈረሴን ሲ3 አወጣሁ። እሱ በደስታ ፈረሱን ሲ6 አስገባ። እኔ ቢ5 ላይ ዘልዬ ንግሥቱንና ጳጳሱን በአንድ ፈረስ ጠየቅኋቸው፤ ንግሥቲቱ ስትሸሽ ዲ6 ላይ ያለውን ጳጳስ በፈረሴ ለወጥኩት። ሲ6 ላይ የነበረችው ወታደር ቢ5ንም ትጠብቅ ነበር፤ ስትገፋ ያንን ትታ ሄደች። ሁለተኛው ጊዜ አስቀድሞ የኤ ወታደሩን ወደ ኤ6 ገፋ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሲ5 የሄደው። ማንም ሳይነግረው።

ከዚህ ቦታ በአጠቃላይ አምስት ጊዜ ተጫወትን። ሁለቱን እኔ አሸነፍኩ፣ ሁለቱ አቻ ወጡ፣ አንዱን እሱ አሸነፈ። አምስተኛው ላይ ቀለም ተለዋወጥን፤ ነጩን ይዞ ያለቦታው የቆመውን የእኔን ፈረስ ከእኔ ቀድሞ ያየው እሱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት መብራት መጥቶ ጨዋታውን ለፕሮግራሙ ስንሰጠው በ15ኛው እርምጃ ላይ ሁለታችንም ያላሰብነውን እርምጃ መረጠ። ልጁ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሞከረ፤ እኔም ሞከርኩ፤ ሁለታችንም ተውነው። በ15ኛው ላይ ጳጳሱን አለመስጠት ላይ ግን ከእሱም ከማሽኑም ጋር ተስማምተናል። ዲ3 ላይ የነበረው የነጩ ፈረስ በጣም ጥሩ ጠጠር ነበር፣ መበላቱ ጥቁሩን አልጎዳውም የሚል አንባቢ ካለ ክርክሩን እሰማለሁ፤ ጥቁሩ በምላሹ የሰጠውን ጳጳስና ነጩ ያገኘውን የሁለት ጳጳስ ጥምረት አብሮ ከቆጠረው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ውድድር ነበር። ልጁ በሁለተኛው ዙር እንደገና ጥቁር ደረሰው፤ መክፈቻውን ሳይለውጥ ያንኑ ተጫወተ። ሁለቱ ፈረሶች ወጡ። አራተኛው እርምጃ ላይ ነጩ ፈረሱን ወደ ጂ5 አልወረወረም። ዲ3 ብሎ ወታደሩን አንድ ቤት ገፋና ቁጭ አለ፤ ያጠናነው ነገር ሁሉ ላያስፈልግ ነው። በኋላ ወረቀቱን ሳየው በ4ኛው እርምጃ ጎን የተጻፈው የቀረ ደቂቃ 49 ይላል። ልጁ ቀድሞ 12 እርምጃ በ4 ደቂቃ የሚጨርስ፣ አራተኛው እርምጃ ላይ 11 ደቂቃ አስቦ ነበር።